ከታች የተጀመረ ኦ

«እኔ ፈረምኩት እያልከኝ ነው?» አለ ሽማግሌው።

ዓለምፀሐይ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ፣ ከስስ የእንጨት ግድግዳ ማዶ ተቀምጣ ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ሽማግሌው አልጮኸም። ከኦክላንድ ድረስ ባቡርና አውቶቡስ እየቀያየረ እንደመጣ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ ጡረታ እንደወጣ፣ አንድ ቀን እንኳ የሰው ፖስታ ከፍቶ እንደማያውቅ ቀስ ብሎ ተናገረ። ፊርማ ያለበትን የቤዝቦል ተጫዋች ካርድ የገዛው ኤል ሴሪቶ ከተማ ካለ ሱቅ ነው፤ ደረሰኙ ይኸው፤ አብሮ የተሰጠው የምስክር ወረቀትም ይኸው። ኦቶ ኮልውድ ቤዝቦል ሲጫወት በዓይኑ አይቶታል፤ መሞቱን በሰማ ጊዜ ፊርማውን ገዝቶ ሳሎኑ ሊሰቅለው ፈለገ፤ ሌላ ምንም የለበትም። የቢሮው ዋና መርማሪ ጂን ደግሞ ማንም ምንም አላለህም አለው፤ ግን ፊርማው የኮልውድ አይደለም፤ ካርዱንም ልመልስልህ አልችልም፤ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የፌዴራል ምርመራ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፤ ስምህንና አድራሻህን እዚህ ላይ ጻፍልኝ።

«ምንም ካላላችሁኝ አድራሻዬ ምን ያደርግላችኋል?» አለ ሽማግሌው። እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ተሰማ፤ ቀጥሎ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

ዓለምፀሐይ እጇ ላይ የነበረውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቢሮው ሳን ሆዜ ውስጥ፣ የካምቤልን ከተማ በሚዋሰነው በኩል፣ በአንድ የጥርስ ሐኪምና በአንድ ምንጣፍ ሻጭ መሀል ያለ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ከየስቴቱ የስፖርት ካርድ በፖስታ ይመጣለታል፤ የካርዱ ጠርዝ አለመላላጡ፣ ሥዕሉ መሀል ላይ መሆኑ፣ ፊቱ አለመጫሩ በአጉሊ መነፅር ይታይና ከአንድ እስከ አስር ነጥብ ተሰጥቶት በጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ፊርማ ያለበት ከሆነ ደግሞ ፊርማው የባለቤቱ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። እሷ የተቀጠረችው ለማሸግ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ጎልማሶች ለልጆች ሥዕል ይህን ያህል ሲጨነቁ ማየት ያስቃት ነበር፤ እየቆየች ግን ከስንት ቦታ ከካርዱ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን ደብዳቤ ስታነብ፣ ይኼ ካርድ የአባቴ ነበር፣ አደራ እንዳይታጠፍ የሚለውን ስታይ፣ ሳቋን ተወችው።

የኮልውድን ሐሰተኛ ፊርማ ያገኘችውም እሷ ነበረች። ከስድስት ሳምንት በፊት ጂን ሁለት የኮልውድ ካርዶችን ትክክለኛ ናቸው ብሎ ለእሽግ ሲያስተላልፍላት፣ ፊርማውን አየት አደረገችና «ጂን፣ ኦውን እየው፤ ከታች ነው የተጀመረው» አለችው። ሰማያዊው ማርከር መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ነጠብጣብ ትቷል፤ ነጠብጣቡ ከክቡ አናት ላይ ሳይሆን ከእግሩ ነው፤ ከዚያ ወደ ግራ ወጥቶ፣ በላይ ዞሮ፣ ተመልሶ ከታች ይገጥማል። ጂን መነፅሩን አንሥቶ ረጅም ጊዜ አጎነበሰ። ትክክለኛዎቹን የኮልውድ ፊርማዎች ከመዝገቡ አውጥቶ አስተያየ። እንግሊዝኛ ሲጽፍ ያደገ ሰው ኦን ከላይ ይጀምራል፤ ኮልውድም ከላይ ነው የሚጀምረው። ቀጥሎ ሌሎች አምስት መጡ፤ ሁሉም ከኤል ሴሪቶው ሱቅ፣ ሁሉም ከታች የተጀመሩ፤ እንዲያውም አንደኛው ካርድ የታተመው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነበር። ጂን ሠራተኞቹን ሰብስቦ አስጨበጨበላት። ከማሸጊያው ክፍል አውጥቶ ከጎኑ ጠረጴዛ ሰጣት፤ የፊርማዎቹ መዝገብ ያለበትን ቁም ሣጥን ቁልፍም ሰጣት። ኦው ለምን ለእሷ ብቻ ቶሎ እንደታያት ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ ለወንድሟና ለልጇ ነግራቸው ነበር። ልጇ ሩቲ «ኦ ማይ ጋድ ማሚ፣ ዩ አር ላይክ ኤ ዲቴክቲቭ» ብላ አቀፈቻት። ወንድሟ ፍቅረማርያም ግን የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ «ኦው ምን ሆነ አልሽ?» ሲል ጠየቃት። ደግማ አስረዳችው። እጁን ታጠበና ሳሎን ወዳለው ሶፋው ሄደ። እሱ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ተነሥቶ ዳውንታውን ኦክላንድ ያለ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ቤት የሚገባ ሰው ስለሆነ ድካም ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ ወዲህ ግን እራት ላይ ብዙም አያወራም። እሷም ምን ሆነዋል አትለውም፤ በአሥራ አራት ዓመት የሚበልጣትን፣ አባታቸው ሲሞት ያሳደጋትን ወንድም ምን ሆነዋል ማለት አልለመደባትም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። የሽማግሌው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ ስላላት ምሳዋን አልነካችም። ቦርሳዋ ውስጥ የወንድሟ የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ነበር፤ ጠዋት ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት፣ እሱ ሥራ ሄዶ፣ ላዩ ላይ «አይተሽ ላኪልኝ» የሚል ወረቀት አገኘች። ይኼ ራሱ ትንሽ ገርሟት ነበር። እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ የእሱን ፎርም የምትሞላው እሷ ናት፤ የሐኪሙንም፣ የታክሱንም። ይኼን ግን ራሱ ሞልቶታል። ፖስታ ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ወደ አገር የገባበት ቀን፣ የሥራ ቦታ፣ ሁሉም በዚያ በሚያምር እጁ ተሞልቷል። አዎና የለም በሚባልባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ላይ ምልክት አድርጓል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የለም። ተይዘህ የማታውቅበትን ወንጀል ሆን ብለህ ፈጽመህ ታውቃለህ የሚለው ላይ ሁለቱም ሣጥኖች ባዶ ናቸው።

ረስቶት ነው ብላ እስክሪብቶ አወጣች። እጇ ግን ቆመ። ፍቅረማርያም የሚረሳ ሰው አይደለም። ገጹን ወደ ኋላ መለሰችውና አድራሻው ላይ ዓይኗ አረፈ። ኦክላንድ። በእንግሊዝኛ ሦስት ቦታ ላይ ተጽፏል። ኦው ከታች ተጀምሯል። የመጨረሻው ዲ ደግሞ ጀርባው ቀና ብሎ እንደ ጅራት ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ያንን ጅራት ስድስት ሳምንት ሙሉ በአጉሊ መነፅር ስታየው ከርማለች። በኮልውድ መጨረሻ ላይ ያለው ዲ ነው።

አባታቸው የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሁለቱንም እጃቸውን ይዞ ያስጻፋቸው እሱ ነው። ክቡን ከታች ጀምሩት፣ ወደ ግራ አውጡት፣ ሲመለስ እዚያው ይግጠም ይል ነበር። ፍቅረማርያም ከሷ ይልቅ እጁ ወጣለትና አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሃያ ዓመት ሰርተፊኬትና ዲፕሎማ ላይ የሰው ስም ሲጽፍ ኖረ። እዚህ ግን ወገቡ ታሞ ከባድ ሥራ አይችል፣ እንግሊዝኛው አይሞላለት፤ በአንድ መስኮት በኩል ቲኬት እየሰጠ ይውላል። እና አምሐ ትዝ አላት። አምሐ የማኅበራቸው ሰው፣ ታክሲ ነጂ ነበር፤ በአሮጌ የቼክ ጥፋት፣ ልጆቹ እዚህ ተወልደው ሳለ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለህ ተብሎ ባለፈው ዓመት ተጠርዞ ተላከ። ሚስቱ ስታለቅስ እሷም አብራ አልቅሳለች። እሷ ዜግነት ከወሰደች አራት ዓመት ሆናት። ፍቅረማርያም ግን ያለው ያ አረንጓዴ ወረቀት ብቻ ነው፤ ፎርሙም የተሞላው ለዚሁ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ሲመለስ ጠብቃ፣ ከቢሮው ኮሪደር ስልክ ደወለች። አንሥቶ «ሀሎ» አለ። «ጋሼ» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣላትም። ከኋላዋ ሰዎች ያልፋሉ።

«ፎርሙን ላክሽው?» አላት።

«አላኩትም።»

ለምን አላለም። «እሺ» አለና ስልኩን ዘጋው። ዓለምፀሐይ እጀታውን እንደያዘች ቀረች። አላወቅሽም፣ ተሳስተሻል፣ ምን ማለትሽ ነው ቢላት ኖሮ የምትጨብጠው አንድ ተስፋ ይኖራት ነበር።

ጂን የሰባቱን ካርዶች ፊርማ በትልቁ ኮፒ እንድታደርግና ፋይል እንድታዘጋጅ ነግሯት ነበር። ኮፒ ክፍል ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው። ከማሽኑ አጠገብ ወረቀት የሚፈጨው መሣሪያ ቆሟል። እንደ ሳህን የሰፉት ኦዎች እየሞቁ አንድ በአንድ ወጡ። ጠረጴዛዋ ጋ ካለው ቦርሳዋ አውጥታ ይዛው የገባችውን ፎርም የመሣሪያው አፍ ላይ ያዘችው። የወንድሟ ነው፤ ሌላ ይሞላል፤ ማን ይጠይቃታል? ግን ፎርሙ ቢጠፋ እጁ አይጠፋም። ቲኬት ቤቱ መስኮት ላይ ዋጋውን የጻፈው እሱ ነው። የማኅበሩን መዝገብ የጻፈው እሱ ነው። ከተማው ሁሉ የእሱ እጅ አለበት። ደግሞም ያ ሽማግሌ ስምና አድራሻውን ጽፎ ሄዷል፤ የመጀመሪያው የሚንኳኳ በር የእሱ ይሆናል። ጂን ከውጭ «መጡ» ሲላት ደነገጠች፤ ፎርሙን አጣጥፋ ቦርሳዋ ድረስ ልትሄድ ስላልቻለች ከሸሚዟ ሥር ከተተችው።

የፌዴራሉ ሰዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዲት ረጅም ሴትዮና አንድ ወጣት። ሴትዮዋ ትሕትና ያላት ናት፤ የዓለምፀሐይን ስም ሁለት ጊዜ ጠይቃ በትክክል ለመጥራት ሞከረች። ካርዶቹን ቆጥረው ተረከቡ፤ ፋይሉን ገለጡ። ጂን በኩራት «ያገኘችው እሷ ናት፤ እኔ አልፌው ነበር» አላቸው። ሴትዮዋ ወንበሯን አዞረችላት።

«እንዴት አየሽው? የሠላሳ ዓመት መርማሪ ያላየውን?»

ዓለምፀሐይ ለመዋሸት አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ብላ እንደምትዋሽ አላወቀችም። «እኔም እንደዚያ ስለምጽፍ ነው» አለች።

ወጣቱ ከቦርሳው ነጭ ወረቀትና ሰማያዊ ማርከር አውጥቶ ፊቷ አኖረ። ሴትዮዋ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ግዴታ የለብሽም፣ ፈቃደኛ ከሆንሽ ግን ኦቶ ኮልውድ ብለሽ ሃያ ጊዜ ጻፊልኝ አለቻት። እምቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ ስላላወቀች ማርከሩን አነሣች። ባጎነበሰች ቁጥር ከሸሚዟ ሥር ያለው ወረቀት ኮሽ ኮሽ ይላል፤ የሚሰማው ለእሷ ብቻ ይሁን ለሁሉም ይሁን አላወቀችም። ከላይ ልትጀምር ፈለገች፤ እጇ አልታዘዝላት አለ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇ የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው። ነጠብጣቡ ከታች አረፈ፤ ወደ ግራ ወጣ፤ ዞረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጂን ከወንበሩ ተነሥቶ ከኋላዋ ቆመ። ስትጨርስ ወረቀቱን ቀና ብላ ስታየው ራሷም ፈራችው።

«ቤተሰብሽ ውስጥ ወይ ከምታውቂያቸው ሰዎች እንዲህ የሚጽፍ አለ?» አለች ሴትዮዋ።

«አባቴ ነው ያስተማረኝ» አለች ዓለምፀሐይ። «ሞቷል።»

እውነት ነበር። ሴትዮዋ ጻፈችው። ጻፈችውና የጠየቀችው ይህን ብቻ እንዳልነበረ የሚናገር ዓይን ጣለችባት፤ ግን አልደገመችም። የስም ካርዷን ሰጠቻት፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሮዋ እንደምትቆይ፣ የእጅ ጽሑፍ አዋቂ እስኪያየው ድረስ ከከተማ እንዳትርቅ ነገረቻት። ከሄዱ በኋላ ጂን ጠረጴዛዋ ጋ መጥቶ ቆመ። «ምንም ማለት አይደለም» አለ፤ ዓይኗን ግን አላየም። «የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለጊዜው ስጪኝ። ነገ ደግሞ እቤትሽ ዕረፊ፤ እኔ እደውልልሻለሁ።» የቁልፍ ቀለበቷን እንዳለ ሰጠችው፤ ቁልፉን ጂን ራሱ ፈልቅቆ አወጣው።

ስምንት ሰማንያ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ቆሞ ነበር። ከኋላዋ የሚመጣ መኪና ሁሉ የሚከተላት ይመስላታል። አንድ ነጭ ፎርድ ከፍሪሞንት እስከ ሄይዋርድ ከመስታወቷ አልጠፋም፤ ሲታጠፍ ጊዜ እንደ ልጅ ጮክ ብላ አለቀሰች። ቤታቸው ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤት፣ ኪራዩ ሰባት መቶ ሃምሳ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የሩቲ፣ ሳሎኑ የፍቅረማርያም። ሩቲ የትምህርት ቤት ልምምድ ስላላት አልመጣችም። ፍቅረማርያም ሶፋው ላይ አልነበረም። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ኮቱን እንደለበሰ ቁጭ ብሏል። ፎርሙን ከሸሚዟ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። ላብ አርሶት ቀለሙ ትንሽ ተሰራጭቷል።

«ታይዋለሽ ብዬ ነው የሰጠሁሽ» አላት። «አፌ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ ነገራት። የኤል ሴሪቶው ባለ ሱቅ መኪናውን እነሱ ጋ የሚያቆም ሰው ነው። መስኮቱ ላይ ያለውን የዋጋ ጽሑፍ አይቶ ማን ጻፈው አለ። መጀመሪያ የሱቁን ማስታወቂያ አጻፈው፤ ቀጥሎ የምስክር ወረቀቶቹን፤ ቀጥሎ ፊርማውን። ሰውየው አርጅቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በኔ በኩል ይፈረምለት ብሎ ፈቅዷል አለው።

«አመኑት ጋሼ?»

«አምኜው ነበር ብልሽ መዋሸቴ ነው። ማመን ግን ፈልጌ ነበር። ሦስት ዓመት እዚያ መስኮት ውስጥ ስቀመጥ የሰጠሁትን መልስ የሚቆጥር እንጂ እጄን ያየ ሰው አልነበረም። እሱ አየው። አንቺ ያን ማታ እራት ላይ ስትነግሪን ግን ተውኩት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልጻፍኩም።» ቀና አለ። «ሽማግሌው እንዴት ነው? ተሻለው?»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«ኮልውድ።»

«ኮልውድማ ሞቷል፤ ዓመት አለፈው።»

ፍቅረማርያም ማተቡን ያዝ አደረገ። «የሞተ ሰው ስም ነው ስጽፍ የከረምኩት?» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እሷም የቀኑን ነገር ነገረችው፤ ጡረተኛውን፣ ሃያውን ፊርማ፣ ቁልፉን። የእሷ እጅ በማስረጃ ተይዞ እንደሄደ ሲሰማ ግን ከወንበሩ ተነሣ። የሴትዮዋን የስም ካርድ ከእጇ ወሰደና ስልኩን አቀረበላት።

«ደውዪ። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ አስተርጉሚ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ጠበቃ እንጠይቅ። አምሐን ያደረጉትን ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ። ደውዪ ነው የምልሽ።»

ደወለች። ሁለት ጊዜ እንደጮኸ ሴትዮዋ አነሣች። ዓለምፀሐይ ስሟን ተናገረች። ፍቅረማርያም እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ፊርማዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉንም» አለ። እሷም አንድ ቃል ሳትጨምር በእንግሊዝኛ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሁሉንም፣ አለች።

ከወዲያ በኩል ወረቀት ተገለጠ። «ቆይ» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ እንደ ቀኑ ለስላሳ አልነበረም። «ከመቀጠልሽ በፊት ግልጽ ይሁንልኝ። የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ዓለምፀሐይ ያን ጊዜ ነው ምን እንዳለች የገባት። እሷ ዜጋ ናት፤ የትም አይልኳትም። ሃያ ጊዜ የጻፈችው ወረቀት እጃቸው ላይ ነው። አዎ ብትል በዚህች አንዲት ቃል ሁሉ ነገር ከሱ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ደግሞ ሩቲ፣ እስር ቤት፣ ስሟ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቷ መጣ። አዎም አይደለምም ማለት አቃታት። ሴትዮዋ ስሟን ጠራች። ደግማ ጠራች።

ፍቅረማርያም የተባለውን አልሰማም፤ የእህቱን ፊት ግን አየ። እጀታውን ከጆሮዋ ላይ ቀስ ብሎ ወሰደው።

«ኖ» አለ። «ኖ ሲስተር። ሚ። ብራዘር። አይ ራይት።»

ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቀችው። ስሙን መሆኑ ገባው። ሙሉ ስሙን ነገራት፤ አልያዘችውም። ፊደል በፊደል እንዲነግራት ጠየቀችው። ዓለምፀሐይ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ በመዳፉ ከለከላት፤ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ ጣቱን በአየር ላይ እያስኬደ፣ «ኤፍ… አይ… ኬ…» ማለት ጀመረ። መሀል ላይ ሴትዮዋ ጠፋባትና አስቆመችው። ፍቅረማርያም ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ፤ ከመጀመሪያው፣ ከበፊቱም ቀስ ብሎ፣ እንደገና ጀመረላት።